ዓመቱ የማይታወቅ ሟች

የቡድሃው መነኩሴ ላማ ጂምባ መጽሐፉን ከቢጫ ጨርቁ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ሬሳ ባለበት ቤት ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀ።

«አባታችሁ በየትኛው ዓመት ነው የተወለዱት?»

ኤርድኒ ከጃኬቱ ኪስ የአባቱን ፓስፖርት አወጣ። የሟቹ የበኩር ልጅ ነው፤ የመንደሩ የውሃ ቦቴ ሹፌር፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ከትናንት ጀምሮ ዐይኑን ያልከደነ።

«አሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ስድስት ይላል» አለ። «በእንስሳቱ አቆጣጠር አይጥ።»

ላማው ፓስፖርቱን በዐይኑ ገረፍ አድርጎ መለሰለት። «የሳይቤሪያ ወረቀት ነው። አትቀየመኝ ኤርድኒ፤ ባለፈው ወር የቀበርናቸው እናት በወረቀታቸው ጥንቸል ናቸው፣ በእውነቱ ግን ዘንዶ ሆነው ተገኙ። የዚያን ጊዜ የግዞት ኮማንዳንት የመሰለውን ነው የጻፈው። ዓመቱ ከተሳተ ስሌቱ ሁሉ ይስታል። በርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አለ?»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ወደ ኪሽታ ዞረ። ከሚያውቁት መካከል የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በወንድሟ ራስጌ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ሳትቆጥረው ይዛዋለች።

«አክስቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ ኤርድኒ። «ንገሪያቸው እስቲ።»

ስትመልስ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ስታስበው ከሁሉ የገረማት ይኸው ነበር።

«አይጥ ነው» አለች። «እናቴ ስታምጥ በር ላይ ቆሜ ነበር። የዙል በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የተወለደው።»

የተናገረችው ውሸት አልነበረም። ኖኻ የተወለደው በአይጥ ዓመት፣ ዙል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ብቻ አልጋው ላይ የተጋደመው ሰው ኖኻ አልነበረም።

ኖኻ ማለት ውሻ ማለት ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁለት ወንዶች ሞተውባት ስለነበር፣ ይሄኛውን ሞት ንቆ እንዲያልፍላት እናትየው ይህን ስም አወጣችለት። ሰባት ዓመት ሠራላት። ከዚያ በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ አርባ ሦስት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወታደሮች በማለዳ በር እየደበደቡ ሕዝቡን በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ፣ ወደ ሳይቤሪያ የሚሄድ የከብት ባቡር ላይ ጫኑት። በዘጠነኛው ቀን ኖኻ በእናቱ ብብት ውስጥ እንደታቀፈ ደረቀ። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ወታደሮቹ «ሬሳ አለ?» እያሉ ይዞራሉ። እናቱ ሁለት ቀን «የለም» አለች። በሦስተኛው ቀን ግን የሌሎች ልጆች እናቶች አፍ አውጥተው ለመኗትና፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ኪሽታ ራሷ በእግሩ በኩል ይዛ አወረደችው። ስሙን በማታውቀው ጣቢያ፣ ሐዲዱ ዳር፣ ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች አጠገብ በረዶው ላይ አስተኙት። ዐይኑን ለመክደን እንኳ ጊዜ አልተገኘም።

በዚያው ፉርጎ ጥግ ላይ፣ እናቱም አያቱም እንዲሁ በየጣቢያው የወረዱበት አንድ ልጅ ነበረ። ስድስት ይሁን ስምንት ዓመቱ የሚያውቅ የለም፤ ሲጠይቁት አይናገርም። የደረሱበት እርሻ ላይ ኮማንዳንቱ ስም ዝርዝር ይዞ ሲጠራ፣ ወላጅ የሌላቸውን ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ እየለየ ነበር፤ የዚያ ቤት ወሬ ደግሞ ቀድሟቸው ደርሷል። «ኖኻ» ብሎ ሲጠራ እናትየው ልጁን በእጅጌው ጎትታ ከጎኗ አቆመችው። ልጁ «አቤት» አለ። ከጥጉ ከወጣ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። በዚያ ምሽት እናቷ ኪሽታን «ወንድምሽ ይሄ ነው። ሌላ አልነበረም» አለቻትና እስክትሞት ድረስ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳችውም።

ኪሽታ መጀመሪያ ጠልታው ነበር፤ የትንሹን ወንድሟን ኮት ለብሶ ሲያልፍ ስታየው ቆሽቷ ያርር ነበር። በሁለተኛው ክረምት ታይፎስ ጥሏት መዋጥ ሲያቅታት የድርሻውን ዳቦ አላምጦ ያጎርሳት የነበረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ መጥላት አልቻለችም። ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ወንድሟ ሆኖ ኖረ፤ ከሳይቤሪያ ሲመለሱ የእናቷን አልጋ በጀርባው ተሸክሞ ከባቡር አወረደ፣ ባሏ ሲሞትባት ቤቷን ኖራ ቀባላት፣ ከሰው ሁሉ በፊት የሚመጣ ከሰው ሁሉ በኋላ የሚሄድ ወንድም ሆነ።

ከአራት ቀን በፊት ታዲያ፣ ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወደ ማድቤት ሲወጡ፣ በዐይኑ ጠቅሶ አስጠጋት።

«ኪሽታ፣ ላማው በእኔ ላይ የልጁን ዓመት እንዳያነብ።»

«የምን ልጅ?» አለች፣ ገብቷት ሳለ።

«አታድርቂኝ። ኮቱን ወሰድኩበት። ስሙን ወሰድኩበት። ዳቦውን በላሁበት። ጸሎቱን ደግሞ ልውሰድበት?»

«ታዲያ የማንን ዓመት እንበል? የራስህን ታውቀዋለህ?»

«ባውቀውማ እደብቅሽ ነበር? አሮጊቶቹ እንደሚሸኙት ሸኚኝ። ያለ ዓመት።»

«ትቼዋለሁ እኮ። ለላማው ቃል ሰጥቻለሁ፤ አንተም ሰምተሃል።»

«እሱ ልጅ ነው፤ ይረሳልሻል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። ሳሉ ሲለቀው እጇን ያዘ። «ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት።

አሮጊቶቹ «ያለ ዓመት» የሚሉት ሽኝት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። የጀመረው ናምካ የሚባል፣ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ የሳይቤሪያ እርሻ ላይ የፈረስ እበት ሲጠርግ የኖረ የቀድሞ መነኩሴ ነው። መጽሐፍ የለ፣ ቅቤ የለ፣ መብራት የለ፤ ሰው ግን በየቀኑ ይሞታል። ሕፃናቱ የሞቱት ከእናቶቻቸው ጋር በመሆኑ ማን በየትኛው ዓመት እንደተወለደ የሚናገር ሰው እንኳ የለም። ናምካ ድንች ፈልፍሎ ውስጡ የትራክተር ቅባት ጨመረና ክር ነከረበት፤ ለኮሰው፤ ሴቶቹንም ቃሉን አስጠናቸው። አንዷ በሟቹ ጆሮ ላይ ትጎነበስና ትጠይቃለች፣ ሌሎቹ በሟቹ ፈንታ ይመልሳሉ።

«በረደህ?»

«አሁን አይበርደኝም።»

«ራበህ?»

«አሁን አይርበኝም።»

«ዓመትህ ምንድን ነው?»

«ጠፍቶብኛል።»

«እንግዲያው ያለ ዓመት ሂድ። በሩ ላይ የሚጠይቅህ የለም።»

ይኸው ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም አሮጊቶቹ አልተዉትም፤ ቅቤ በየቤቱ ሲትረፈረፍም ድንቹን አልለወጡትም። ልጆቻቸው ደግሞ ሙት ያለ ድንች አይሸኝም ብለው አመኑና፣ የሰው ነገር ሆኖ፣ ድንቹ የቀይ ወይስ የነጭ ይሁን እያሉ እስከ መጣላት ደረሱ።

ላማ ጂምባን ክፉ ነው የሚል ካለ ዋሽቷል። የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ ባትር ይባል በነበረ ጊዜ የኪሽታን ሐብሐብ እየሰረቀ አጥር ላይ የሚቀር ልጅ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ሕንድ አገር ሄዶ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ እሷ ራሷ አልቅሳለች፤ በመጨረሻ እውነተኛ መነኩሴ አየን ብላ። ባለፈው ጸደይ አሮጊቶቹን አዲሱ ቤተ መቅደስ ሰብስቦ ሻይ ካጠጣቸው በኋላ ነው ነገሩን ያነሳው።

«እማማ፣ ቅቤ ሱቅ ሞልቶ እያለ ለቡድሃ ድንች?»

«ድንቹ ለቡድሃ አይደለም፤ ለሟቹ ነው።»

«በየትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የተጻፈው?»

«በየትኛውም» አለች። መጽሐፍ ኖሯቸው አያውቅማ። ደግሞም ልጁ ትክክል ነው ብላ አሰበች፤ ያ የረሃብ ነገር ነበር፣ ረሃቡ አልፏል፤ ድንቹን እንደምትተውም ቃል ሰጠችው። ከእሷ በቀር ቃሉን እስከ መጨረሻው የምታውቀው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም በክረምቱ ሞተች፣ በቅቤ መብራትና በመጽሐፍ ተሸኘች። ሽኝቱ ያማረ ነበር፤ ኪሽታም አልከፋትም።

ታዲያ ቃል ገብታ ሳለ ለምን «አይጥ ነው» አለች?

እንዲህ ነው። ናምካ ለእናቶቹ ሌላም ነገር ነግሯቸው ነበር። በመንገድ የቀሩት ልጆች የትም አልሄዱም፣ ሐዲዱ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንድ ቀን እውነተኛ ላማ በስማቸውና በዓመታቸው ያነብላቸዋል፣ ያን ጊዜ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ እናንተ አትሙቱ፣ ላማ የሚጠራላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ አላቸው። እናቶቹ በዚህ ኖሩ። የኪሽታ እናትም በዚህ ኖራ፣ በዚህ ሞተች። ግን ኖኻ በወረቀት በሕይወት አለ። ለእሱ የሙት ጸሎት አስነብቡ ቢባል «ይሄ የሚበላው የሚጠጣውስ ማነው?» ሊባል ነው። በኋላም፣ የሚጠይቅ ኮማንዳንት በሌለበት ዘመን፣ ኪሽታ ድፍረቱን አላገኘችም፤ ኖኻ የሚባል ሰው ጎረቤት ተቀምጦ ቧንቧ እየጠገነ በስሙ የሙት መጽሐፍ ማስከፈት ሰውየውን በቁሙ መቅበር መሰላት። እናም ትንሹ ወንድሟ በእሷ ልብ ውስጥ ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ጣቢያ፣ በዚያ በረዶ ላይ ቆሞ ነበር። አንዳንድ ክረምት ሌሎች ስለ በጎቻቸው ሲጨነቁ እሷ እሱን ታስባለች።

ላማው ሲጠይቅ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ደብዳቤ አድራሻው ለተጻፈበት ሰው ነው የሚደርሰው። ይህ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በእውነተኛ መጽሐፍ ኖኻ፣ የአይጥ ዓመት ብሎ ካነበበ፣ ጸሎቱ የሚሄደው ኖኻ ወደተባለው፣ በአይጥ ዓመት ወደተወለደው ነው። ይህ ዕድል ዛሬ መጣ፤ ሁለተኛ አይመጣም። ይሄኛውን ደግሞ፣ ዳቦ አላምጦ ያጎረሳትን፣ ሰው ፈዘዝ ሲል እሷ ራሷ በጆሮው ጠይቃ ራሷ መልሳ ያለ ዓመት ትሸኘዋለች። ድንቹ በካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ባንድ ቀን። እንዲህ አድርጋ ስታስበው ብልጠት መሰላት፤ እንዲያውም በሐዘን መካከል ደስ አላት፣ ለእናቷ የምትነግራት ነገር ያገኘች ይመስል።

ላማው ገጾቹን እያገላበጠ በጣቱ አንጓ ቆጠረ። 

«ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል በፊት ይውጡ» አለ። «የሚሸከሟቸው የበሬና የዘንዶ ዓመት ሰዎች ይሁኑ። ከበሩ ሲወጡ ፊታቸው ወደ ደቡብ።» ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ለአይጥ ሟች ፈረስ ክፉ ነው። በፈረስ ዓመት የተወለደ ሰው ሬሳውን እንዳያይ፣ እስኪወጣም ከዚህ ጣሪያ ሥር እንዳይሆን። አለበለዚያ ከዚሁ ቤት ሌላ ይከተላል።»

ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው የኤርድኒ ልጅ ጊልያና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ስድስተኛ ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሁለቱም በስድስተኛው ወር ላይ።

ኤርድኒ ሰዉን በዐይኑ መቁጠር ጀመረ። «የጎረቤታችን የዛንዳ ባል ፈረስ ነበር፤ እሱ ሞቷል። የኔ አማች በግ ነው። ሌላ…»

«እማማ» አለች ጊልያና ዝግ ብላ፣ ወደ ኪሽታ እያየች። «ፈረስ አይደለሽም እንዴ?»

 በየዓመቱ በዙል ማታ ለቤተሰቡ የሊጥ መብራት የሚሠሩት ኪሽታና ጊልያና አብረው ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ በክር እየቆጠሩ የሚተክሉት አብረው ነው። ዓመቷን የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት የለም።

«ፈረስ ነኝ» አለች። ሌላ ምን ትበል።

ካፖርቷን አመጡላት። ሁሉም ጨዋ ሆኑ፣ ሁሉም አዘኑላት፤ ኤርድኒ ክንዷን ይዞ እስከ በሩ ሸኛት። ጊልያና ግን አልቀረበቻትም፣ ለስንብትም እጇን አልሰጠቻትም። ኪሽታ ወንድሟን መለስ ብላ ልታየው ስትል ኤርድኒ በትከሻው ጋረደባት።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ዛንዳ ተቀበለቻት። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ነገር በቀልድ ካልሆነ የማይወጣላት ሴት ናት።

«ግቢ፣ የፈረሶች ጋጣ እዚህ ነው» አለች። «የኔም ባል እንዲሁ ነበር። አይጥ በሞተ ቁጥር ያባርሩታል። መጠጥ ቤት የለመደው በዚህ ነው ብዬ ነው የማስበው።»

ኪሽታ አልሳቀችም። ዛንዳ ጨው የገባበት የወተት ሻይና የበግ ሾርባ አቀረበችላት፤ ሻዩን ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም። በመስኮቱ የወንድሟን ቤት ጣሪያ ታያለች። ያለ ዓመት የሚባለው ሽኝት በጆሮ ነው። ከመንገድ ማዶ አይሆንም፤ ናምካ ሴቶቹን ያስማላቸው አንዱ ነገር ይኸ ነበር፣ ከሟቹ ፊት እንዳይሸሹ፣ በሽታውን ፈርተው ከሩቅ እንዳያንሾካሹኩ። በአንደበቷ የጠራችው የሐሰት ዓመት ከዚያ ጆሮ አራቃት። ማንንም ልትወቅስ አትችልም፤ ራሷ በራሷ ላይ በር ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መንገዱን ተሻገረች። ነፋሱ ከሜዳው እየመጣ ፊት ይለበልባል። ከግቢው በር ውጭ ቆማ ኤርድኒንና ላማውን አስጠራች።

«አክስቴ፣ ምነው ተሻገርሽ?» አለ ኤርድኒ። ከኋላው ያለውን በር ዘጋው።

ነገረቻቸው። በፉርጎው ጥግ የነበረውን ልጅ፣ ዝርዝሩን፣ «አቤት» ያለውን። ስልሳ አራት ዓመት የተደበቀ ነገር ሦስት አራት አረፍተ ነገር ብቻ ሆነ።

«ሐዘን ነው» አለ ኤርድኒ ለላማው። ወደ እሷ ዞሮ «ቁርስ በልተሻል?» አላት።

«አእምሮዬ ጤነኛ ነው። አባትህ ራሱ ነው በልጁ ዓመት አታስነብቢብኝ ያለኝ። ቃል ገብቼለት አፈረስኩ።»

ያን ጊዜ አመናት። እንዳመናት ፊቱ ላይ አየች፤ ማመኑ ይብስ አስቆጣው።

«የማን ልጅ ነው ታዲያ? እኔስ የማን ነኝ? ስልሳ ዓመት ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ ኖረሽ፣ ሬሳ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው የምትነግሪኝ?»

«አሁንም ባልተባረርኩ ኖሮ አልነግርህም ነበር» አለች። እውነቱ ይኸው ነው።

ላማው ቀረብ አለ። «እማማ፣ ታዲያ ትናንት ማታ ያነበብኩት ጸሎት ለማን ነው?»

«ለወንድሜ። ለትንሹ። በረዶው ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው።»

«ማን ነው ይጠብቃል ያለዎት?»

«ናምካ። ለእናቶቻችን ሁሉ ነግሯቸዋል።»

የላማ ጂምባ ፊት ላይ ርኅራኄ ታየ። ሊያጽናናት ፈልጎ ነው የተናገረው፤ በዚህ አይወቀስም።

«ከአርባ ዘጠኝ ቀን በላይ የሚጠብቅ የለም፣ እማማ። የተማርነው እንዲያ ነው። ወንድምዎ በዚያው ክረምት ሌላ ማኅፀን አግኝቷል። አንድም ቀን በረዶ ላይ አልቆመም። ይሄ እኮ ደስ ሊልዎት የሚገባ ነገር ነው።»

ደስ አላላትም። ነገሩ ቀስ ብሎ ነበር የገባት። ናምካ ዋሽቷቸዋል። እናቶቹ እንዳይሞቱ ብሎ፣ ነገ ጠዋት ተነስተው በረዶ የሚጠርጉበት ምክንያት እንዲኖራቸው ብሎ፣ ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ ነገር ፈጥሮ አጎረሳቸው። ልጁ ጸሎት አላስፈለገውም፤ ስታዝንለት በኖረችበት ዓመት ሁሉ እሱ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ሆኖ አድጎ አርጅቷል። ጸሎት የሚያስፈልገው ይሄኛው ነበር። ለማይጠብቅ ሰው ብላ የሚጠብቀውን ካደችው። የበሩን ቋሚ ያዘች።

«የዛሬውስ?» አለች። «የእሱ አርባ ዘጠኝ ቀን ገና አልሞላም አይደል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አንብብለታ፣ ባትር።» አንተ ማለቷን ራሷም አላስተዋለችም።

«በየትኛው ዓመት?»

«ያለ ዓመት።»

«እንዴት እንደሚባል አላውቅም። አልተማርኩትም።»

«እኔ አውቃለሁ። አስገባኝ። አንድ ሲኒ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ያልቃል።»

ላማው መሬት መሬት አየ። ወጣት ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ከዕድሜውም ያነሰ መሰለ። «ይህን የዓመት ስሌት እኔም በገዳሜ አላስተማሩኝም» አለ። «ስመለስ ሰው ሁሉ ቁጠርልን ሲለኝ፣ ከአንድ ሽማግሌ ቤት የተገኘ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ነው ያጠናሁት።»

«ያንተም ድንች ነው በለኛ» አለች ኪሽታ።

ጆሮው ቀላ። አልተቆጣም። ወደ ኤርድኒ አየ፤ ኤርድኒ ደግሞ ይህን ሲጠብቅ ነበር።

«ላማ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ብትገባ ልጄ ላይ ምንም አይደርስም ብለው ቃል ይሰጡኛል?»

ጊልያና የቤቱን በር ከፍታ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማለች። የሰማችው ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። ላማው ቀና ብሎ አያት።

«ዓመታቸው ካልታወቀ ማንኛውም ሊሆን ይችላል» አለ። «አይጥም ሊሆኑ ይችላሉ። ቃል ልሰጥህ አልችልም።»

«እንግዲያው አትገባም።»

«ኤርድኒ…» አለች ኪሽታ።

«አባቴ አይጥ ነው፣ አክስቴ» አለ። ድምፁ ተሰበረ፣ ግን አልተመለሰም። «ወረቀቱ አይጥ ይላል። አንቺም ትናንት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብለሻል። ሁለት ቀብሬያለሁ፤ ሁለቱም በጫማ ካርቶን ነው የወጡት። ሦስተኛ አልቀብርም። በኋላ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አሁን ግን ተሻገሪ።»

በጉልበት ገፍታ ብትገባ ማንም እጁን አያነሳባትም ነበር፤ የቤቱ ታላቅ እሷ ናት። እግሯንም አንስታ ነበር። ደረጃው ላይ ያለችው ጊልያና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ከምራ አየቻት። ኪሽታ ያቺን ልጅ አጥባ አሳድጋታለች፣ ስትታመም አቅፋት አድራለች። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው፤ እሷን ፈርታ ነው። በሕይወቷ ሰው ፈርቷት አያውቅም ነበር።

እግሯን መለሰች።

ላማው «እኔ በልቤ እጸልይላቸዋለሁ» አላት። አንገቷን ነቀነቀችለት። በማን ስም እንደሚጸልይ አልጠየቀችውም፤ እሱም አያውቀው፣ እሷም አታውቀው። ያ ልጅ ፉርጎው ውስጥ እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ባለፉት ስልሳ አራት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም።

አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በዘንዶና በበሬ ዓመት የተወለዱት ሰዎች ሬሳ ሳጥኑን ከፍ ሲያደርጉ ከቤት ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ኤርድኒ ከግቢው በር ወደ መንገዱ ማዶ በእጁ ምልክት ሰጠ። ፈረስ የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ፊቱን ማዞር አለበት። መንገዱን ተሻግራ ደጇ ላይ ለቆመችው ኪሽታ ዛንዳ «ዙሪ እንግዲህ፣ እየወጡ ነው» አለቻት።

ኪሽታ ዓመቱ የውሰት መሆኑን በዚያ መንደር ከሚኖር ሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች። የተዋሰችው እሷ ናት። ግን ባይሆንስ? ያ ልጅ ስድስትም ሊሆን ይችላል፣ ስምንትም፣ ሰባትም፤ ሰባት ከነበረ ደግሞ አይጥ ነው። ላማው አላወቀም፤ እሷም አላወቀችም። የጊልያናን ሆድ አሰበች። ፊቷን ወደ ዛንዳ ግድግዳ አዞረች፤ የተሸካሚዎቹ እግር ኮረቱ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ የጭነት መኪናው መዝጊያ ሲወርድ፣ ሞተሩ ሲነሳ በጀርባዋ ሰማች። መኪናው የመቃብሩን ኮረብታ ዞሮ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስም ፊቷን አልመለሰችም።